አሜሪካኑ ወይስ እንግሊዙ

ጋሽ ገብረሚካኤልን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል እዋሻለሁ። ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ በማሾ ሻጮቹ በኩል ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ፤ ጥቂት ጊዜም ከደጃፋቸው ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር አስቀምጠው አጫውተውኛል። አጫውተውኛል ማለቴም ያው ለወጉ ነው። እሳቸው አንድ ቃል ተናግረው ዝም ይላሉ፤ የቀረውን የሚሞሉት ባለቤታቸው እትዬ ዘነበችና የጡት ልጃቸው አሊዪ ናቸው። የምጽፈው ከሦስቱ አፍ የለቀምኩትን ነው። የጎደለ ካለ የጎደለው ከእኔ ነው።

ገብረሚካኤል የተወለዱት ላይ፣ ደብረ ሲና፣ ብርድ አገር ነው። በጉብዝናቸው ወራት ወደ ቆላ የወረዱት እርሻ ፍለጋ ነበር፤ ያገኙት ግን የግራዝማችን ጠመንጃ ነው። ግራዝማች በቀወት ብዙ መሬት የነበራቸው ባላባት ናቸው። ሰው ሲመጣባቸው ከፊቱ በፊት ትከሻውን ያዩ ነበር ይባላል። የገብረሚካኤልን ትከሻ አይተው፣ "ይህ ብረት ይሸከማል" አሉ። በቃ፣ ተሸከሙ። ግራዝማች በበቅሎ ሲሄዱ ከኋላ ጠመንጃ ይዞ መሮጥ፣ ሲያርፉ ማጽዳት፣ ሰክረው ሰው ሲቆጡ ደግሞ ብረቱን ከእጃቸው አርቆ መደበቅ። ዝናብ ሲመጣ ጠመንጃው ጋቢ ይለብሳል፣ ገብረሚካኤል ይበሰብሳሉ። ዕድሜ እንዲህ ሆኖ ሄደ።

በዚህ መሃል ዘነበችን አገቡ፤ ደስታ ተወለደ። በዚያው ሰሞን ጎረቤታቸው የአብዱልመጂድ ሚስት ሩቂያም ወንድ ልጅ ወለደች። ሩቂያን ግን አራስ ቤት ሳለች ወባ ጣላት፣ ጡቷ ደረቀ። ዘነበች ሕፃኑን አቅፈው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ በአንዱ ጡት ደስታን፣ በሌላው አሊዪን አሳደጉ። ሩቂያ ተነሥታ ደህና ስትሆን አብዱልመጂድ ማር ይዞ መጣ።

"እናትየው አጥብታዋለች" አለ፤ "አባትየውስ ምን አደረገልኝ? እንዲሁ በነፃ አባት ሊሆን ነው?"

የገብረሚካኤልን አውራ ጣት ይዞ ማር ውስጥ ነከረና ሕፃኑ አፍ ውስጥ ከተተው። ሕፃኑ ጠባው። "ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ በእናንተም ወግ በእኛም ወግ ወንድማማች ናቸው" አለ አብዱልመጂድ። ሁሉም ሳቁ። ገብረሚካኤል ግን እስከ ማታ ጣታቸውን ሳይታጠቡ ዋሉ፤ ይህን የነገሩኝ እትዬ ዘነበች ናቸው።

አሁን ወደ ግራዝማች ሽጉጦች ልምጣ። ግራዝማች ሁለት አፈ ሰፊ፣ ስድስት ጥይት የሚጎርሱ ሽጉጦች ነበሯቸው። አንደኛው የእንግሊዝ ሥሪት ነው፤ ጣሊያን በተባረረ ጊዜ በዚህ መንገድ ካለፈ የእንግሊዝ ሹም የተገኘ ነው ይባላል። ጥቁር፣ ሸካራ፣ ጥይት ለማጉረስ ሲፈለግ ወገቡ ላይ የሚታጠፍ። መልክ የለውም። ሌላው የአሜሪካ ሥሪት ነው፤ አዋሽ በረሃ አውሬ ሊያድን የመጣ ፈረንጅ ስለ መስተንግዶው ለግራዝማች ያበረከተላቸው። እሱ ደግሞ መስተዋት ነው፤ ፊት ያሳያል። ጥይቱ ረዘም ያለ፣ ባሩዱ የበዛ፣ ፈረንጁ "ማግነም" እያለ የሚጠራው ዓይነት። ሲተኮስ ክንድን እስከ ትከሻ ያደነዝዛል።

አገሩ በሁለቱ ሽጉጦች ለሁለት ተከፍሎ ኖረ። ጠላ ቤት ውስጥ አንዱ፣ "አሜሪካኑ ዝሆን ይጥላል" ሲል፣ ሌላው፣ "እዚህ ዝሆን የት አለና! እንግሊዙ ሰው ይጥላል፣ ይበቃል" ይላል። በዚህ የተኳረፉ ባልንጀሮች ነበሩ። ከግራዝማች በቀር ግን አንዳቸውንም ተኩሶ ያየ ሰው አልነበረም።

የገብረሚካኤል እውቀት ሌላ ነበር። የፈረንጁ ጥይት ቶሎ አለቀ፤ ቢጠየቅ ቢፈለግ ወንድሙ አልተገኘም። ግራዝማች ባዶውን ቀልሃ ሰብስበው ለገብረሚካኤል ሰጧቸው። ጓሮ ተቀምጠው ገብረሚካኤል ባሩድ ይሞላሉ፣ ዘነበች በጣሳ እርሳስ ያቀልጣሉ፣ የረጋውን እርሳስ ቀልሃው አናት ላይ ይተክላሉ። ላየው ጥይት ነው። አንዱ ብቻውን ከተጎረሰ በደህና ይተኮሳል። ስድስቱ ሲጎርሱ ግን ነገር ይመጣል፤ የመጀመሪያው ሲፈነዳ ሽጉጡ እንደ በቅሎ ስለሚራገጥ የቀሩት እርሳሶች ከቀልሃቸው ወደ ፊት ይሾልካሉ። ያን ጊዜ ጥይት የያዘችው ከበሮ ትነክሳለች፣ አትዞርም። ከአንድ ተኩስ በኋላ ያ ሁሉ መስተዋት መዶሻ ነው።

ይህ ለግራዝማች የታወቃቸው በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ሙሽራው ሲገባ ግራዝማች አሜሪካኑን አውጥተው አንዴ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ለሁለተኛው ምላጩን ቢስቡት እምቢ አለ። ደግመው ሳቡ። ሴቶቹ እልልታውን በአፋቸው ይዘው ቀሩ። ግራዝማች ሽጉጡን ወደ ወገባቸው መልሰው፣ "አንዱ ይበቃችኋል!" ብለው ሳቁ፤ ከዳሱ ጀርባ ሲደርሱ ግን ገብረሚካኤልን በጥፊ አጮሏቸው። ከዚያ ወዲያ አሜሪካኑ ለበዓል፣ እንግሊዙ ለክፉ ቀን ሆነ። ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ግራዝማች፣ ገብረሚካኤልና ዘነበች ብቻ ነበሩ።

ግራዝማች የመሬት አዋጁ ሳይደርስባቸው ሞቱ። አዋጁ ሲመጣ ልጃቸው ጠመንጃዎቹን ሰብስቦ ከደብረ ሲና በታች ባለው ገደል ውስጥ ሸፈተ። ሁለቱ ሽጉጦች ከነጥይታቸው ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ስለነበር አላገኛቸውም፤ የገበሬ ማህበሩ ወረሳቸው። ከባላባቱ ልጅ ጋር ጥቂት ሰዎች ተከትለው ሄዱ። አንዱ ደስታ ነበር። ከባላባቱ ልጅ ጋር አብሮ ያደገ፣ አብሮ ወንዝ የዋኘ፤ ያ "ና" ሲለው ሄደ። ለመሬት ይሁን ለባልንጀርነት ማንም አልጠየቀውም። የጡት ወንድሙ አሊዪ ደግሞ የማህበሩ የጥበቃ ጓድ መሪ ሆነ።

ገብረሚካኤል በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ የሚሉት መሬት በሮቢ ወንዝ ዳር ደረሳቸው። መሬቱ ሲመጣ ጉልበቱ ሄዶ ነበር። ወባው ይመላለሳል፣ ጉልበታቸው ይቆረጥማል፣ ሞፈር የሚይዝላቸው ልጅ ገደል ገብቷል። በዚያ ላይ ስብሰባ ነበር። "ድሮ የሰው ብረት ስንሸከም ደከመን፤ አሁን ደግሞ ስንሰበሰብ" ይሉ ነበር። ከዚህ በላይ አያማርሩም፤ ለማማረርም ይደክማቸዋል።

በ1968 ዓ.ም. የማሽላ አጨዳ ሊገባ ሲል ሽፍቶቹ የማህበሩን በሬዎች ነዱ። ከአውራጃ ትእዛዝ መጣ፤ የጥበቃ ጓዱ ተከትሎ ይውጣ፤ ከሁለቱ ሽጉጦች አንዱ ለመሪው ይሰጥ፣ ሌላው ወደ አውራጃ ይላክ። ስብሰባው ትልቁ የሮቃ ዛፍ ሥር ተጠራ። ሊቀመንበሩ ታደሰ ሁለቱን ሽጉጦች ጆንያ ላይ አስቀመጣቸው።

"ጓዶች፣ የትኛው ይቅርልን?"

"አሜሪካኑ!"

"እንግሊዙ ነው እንጂ!"

"አንተ ደግሞ ጥቁር ብረት ምን ያደርግልሃል? ድስት ልትጥድበት ነው?"

"ያንተ መስተዋትስ? ጺም ልትላጭበት?"

ለዘመቻ ከአዲስ አበባ የመጣ ካኪ የለበሰ ተማሪ ተነሣ። "ሁለቱም የኢምፔሪያሊስት ሥሪት መሆናቸውን እንዳንዘነጋ" አለ።

አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ነቀነቁ። "እውነትህን ነው ልጄ። ግን ከኢምፔሪያሊስቶቹ የሚብሰው የትኛው ነው? እሱን ነው የምንፈልገው።"

ሳቁ። ተማሪውም ሳቀ።

እንፈትናቸው ተባለ። ጥይት እንዳይባክን በየሽጉጡ አንዳንድ ብቻ ይጉረስ ተብሎ ተወሰነ። ማሳው ዳር ወዳለው ኩይሳ ተኮሱ። እንግሊዙ ጮኸ፣ ኩይሳው ተበሳ። አሜሪካኑ ጮኸ፣ ግራሩ ላይ ያሉት ወፎች ሁሉ ተነሡ፣ ኩይሳው ተበሳ። ሰዉ ሮጦ ሄዶ ክንዱን ቀዳዳው ውስጥ እየከተተ ለካ። "እዚህ እስከ ክርኔ ገባ!" "የኔም እስከ ክርኔ!" "ያንተ ክንድ አጭር ነው!" ጸሐዩ ናላ ያዞራል፣ ክርክሩ አላልቅ አለ። በመጨረሻ ታደሰ፣ "ጠመንጃ ያዡ ይጠየቁ፤ ከምሳ በኋላ ይምጡ" አለ።

መልእክቱ ሲደርስ ገብረሚካኤል ወባ ተነሥቶባቸው ጋቢ ደራርበው ተኝተዋል። ዘነበች መልእክተኛውን ሸኝተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ምን ሊሉ ነው?"

"እኔ እንጃ።"

"አሜሪካኑን ቢሉ፣ ያ እርሳስ ልጄን አሊዪን ገደል ውስጥ ባዶ እጁን ያስቀረዋል። እንግሊዙን ቢሉ፣ የማይከዳ ሽጉጥ አስይዘው ደስታዬ ላይ መስደድዎ ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የትኛውንም ቢሉ የኔን ልጅ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እሺ ስለ እርሳሱ ይናገሩ። ጥይቱ የጓሮ ነው ይበሉ፤ ቢያንስ አሊዪ የያዘውን ይወቅ።"

"ለባላባት ጥይት የሞላ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ። አንቺም እርሳስ አቅልጠሻል።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ትንሽ ልተኛ። ሲደርስ ቀስቅሽኝ።"

አልተኙም። ዘነበች ሲነግሩኝ፣ ጀርባቸው ከጋቢው ሥር ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ ወባው ይሁን ሌላ አልለየሁትም ይላሉ።

ከምሳ በኋላ ዱላቸውን ይዘው ወደ ሮቃው ሄዱ። ሰው ቦታ ለቀቀላቸው። ጆንያው ላይ ሁለቱ ሽጉጦች፣ ከጆንያው ወዲያ አሊዪ ቆሟል፤ ዓይኑን ከአሜሪካኑ ላይ አያነሣም። ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። ግራዝማች ሽጉጡን ሲወለውሉ ደስታና አሊዪ በአጥር ቀዳዳ ያዩ ነበር፤ "ሳድግ ያንን ነው የምይዘው" ይል የነበረው አሊዪ ነው። ደስታ ሽጉጥ አይወድም ነበር። በቅሎዋን ነበር የሚወድ።

"ጋሽ ገብረሚካኤል" አለ ታደሰ፣ "ዕድሜዎን ሙሉ ይዘዋቸዋል። ለክፉ ቀን የትኛው?"

ገብረሚካኤል ዱላቸው ላይ ተደገፉ። ራሳቸው ይመታል፣ ከንፈራቸው ደርቋል።

"እንግሊዙ።"

"ለምን?"

"ለምዶ ነው። አይከዳም።"

"አሜሪካኑ ይከዳል ማለትዎ ነው?"

"እንግሊዙ አልኩ። ደክሞኛል ልጆቼ፣ ልቀመጥ።"

ከኋላ አንድ ድምፅ፣ "የሽፍታ አባት መካሪ ሆነልን!" አለ። ሌላው ተቀበለው፤ "ለልጁ የሚሻለውን ነው የመረጠው። የዛገውን ለእኛ፣ የሚገድለውን ለአውራጃ!" የእንግሊዙ ወገኖች እንኳ ጠዋት የጮኹለትን ሽጉጥ በጥርጣሬ ያዩት ጀመር። ያ ሽማግሌ፣ "ኧረ ተዉ፣ ነውር ነው፤ አሊዪም ልጃቸው ነው" ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ታደሰ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በሬ የተነዳበት ሊቀመንበር ነው። ፊቱን ወደ ገብረሚካኤል ሳያዞር፣ "አሜሪካኑ ይቅር፣ እንግሊዙ ወደ አውራጃ ይሂድ" አለ። ተጨበጨበ። ያ ሁሉ የሁለት ወገን ክርክር በአንድ ሰው ቃል አለቀ፤ የተባለውን ተቃራኒ በማድረግ።

ገብረሚካኤል ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሥተው፣ የሚያነሣቸው ሳይጠብቁ፣ ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ጓዱ ሲወጣ አሊዪ ለምርቃት መጣ። ጓዶቹ መንገዱ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው፤ በጸሐይ ያብለጨልጫል። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

"አባዬ፣ ይመርቁኝ።"

"እንግሊዙን ይዘህ ብትሄድ ይሻል ነበር።"

"ወስኗል እኮ ማህበሩ። ደግሞ…" አሊዪ መሬቱን በጫማው ጫረ። "ለደስታ ብለው ነው ይላሉ።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

አሊዪ ሳቅ አለ። ያ ሳቅ አሁንም እንደሚያሳፍረው ነግሮኛል። "እኔማ ምን እላለሁ፤ ይህችን ሽጉጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የተመኘኋት።"

"ሁለት ጊዜ ተናገርኩ" አሉ ገብረሚካኤል። "ለሦስተኛው አቅም የለኝም። ሂድ፣ እግዜር ከፊት ከኋላህ ይሁን። ሁለታችሁንም ይመልሳችሁ።"

"ኢንሻአላህ።"

ዘነበች ከበሩ ጥግ ቆመው ነበር። አንዴ አሊዪን፣ አንዴ ባላቸውን አዩ። መንገድ ላይ አንዱ፣ "አሊዪ፣ ጡት ጠብተህ አልጨረስክም?" ብሎ ጮኸ፣ ሌሎቹ ሳቁ፣ ልጁም እየሮጠ ሄደ።

ጓዱ እስኪመለስ በዚያ ቤት እሳት ነደደ እንጂ የበላ ሰው የለም። ዘነበች ከመንገድ የሚመጣ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ይወጣሉ። ገብረሚካኤል ማሽላቸውን ለማጨድ ሄደው አንዱን ነዶ ሳይጨርሱ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ማን እንዲመለስ እንደሚጠብቁ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ቢጠየቁም መልሱ አንድ ሰው አይደለም።

አሊዪ ተመለሰ። በሬዎቹ ተገኝተዋል፣ የባላባቱ ልጅ ሸሽቷል። ሌሎቹ ወደ ሮቃው ለሆታ ሲሄዱ አሊዪ በቀጥታ ወደ ቁርቁራዋ መጣ። ሰላምታም አልሰጠ። ሽጉጡን አውጥቶ ከገብረሚካኤል ፊት መደቡ ላይ አስቀመጠው።

"ደስታስ?" አሉ ዘነበች።

"በሕይወት አለ።"

ዘነበች መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

አሊዪ ቆሞ ነገራቸው። ገደሉ ውስጥ ምንጭ አለ። ከጓዶቹ ተለይቶ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ ደስታ ከምንጩ ወዲያ ማዶ ቆሟል፤ ምንሽር ጠመንጃ ይዟል። ሁለቱም ደነገጡ። "ማሰብ የለም፤ እጄ ቀደመኝ" አለ አሊዪ። ተኮሰ። ጥይቱ ከደስታ ጆሮ አጠገብ ያለውን ድንጋይ ገመሰ። ደግሞ ምላጩን ሳበ፤ እምቢ አለ። ሳበ፤ እምቢ አለ። ደስታ ምንሽሩን አነጣጥሮ ቆመ። አሊዪ ሸሃዳውን ማለት ጀመረ።

"ከዚያ 'አሊዪ፣ እናቴ ደህና ናት?' አለኝ። 'ደህና ናት' አልኩት። 'አባዬስ?' 'ወባ ይዟቸዋል' አልኩት። ምንሽሩን አወረደ። 'ወደ ባላባቱ ልጅ አልመለስም፣ ወደ እናንተም አልመጣም፤ በቆላው ወደ በረሃ እወርዳለሁ በላቸው' አለኝና ሄደ። ጓዶቼ ሲደርሱ የተኮስኩት ከርከሮ ነው አልኳቸው።"

ዘነበች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፈኑ። የሚያለቅሱት ለየትኛው እንደሆነ መለየት አያስፈልግም ነበር።

አሊዪ ጎንበስ ብሎ የሽጉጡን ከበሮ በግድ ፈልቅቆ አወጣት። ከቀልሃዎቹ አፍ እርሳሶቹ ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ፤ እኩል ያልሆኑ፣ ጎርበጥ ያሉ፣ የጓሮ ሥራ።

"አባዬ፣ ይህን እርሳስ የተከለው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ገብረሚካኤል። ጊዜ አልወሰደባቸውም።

"እንደሚነክስ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር። በዚህ ጥፊ ቀምሻለሁ።"

አሊዪ መደቡ ላይ፣ ከሽጉጡ ወዲያ ተቀመጠ። የተቆጣ አይመስልም ነበር ይላሉ ዘነበች፤ የደከመው ነው የሚመስል፣ ልክ እንደ አባቱ።

"እንግሊዙን ውሰድ ብለውኝ ነበር። በሸንጎም፣ እዚህም። ይህን አልክድም" አለ። "ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። የሽፍታ አባት መሆንዎን ያውቃሉ። የሚሉትን እንደማይሰሙም ያውቃሉ። እንግሊዙን ያሉት እኔ እንድይዘው ነው? ወይስ እንግሊዙ ካሉ አሜሪካኑን እንደሚያስይዙኝ አውቀው ነው?"

ዘነበች ነጠላውን ከዓይናቸው አወረዱ። እሳቸውም ይህን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊጠይቁ ፈልገው ፈርተው ነበር። ከሮቃው በኩል ሆታው ይሰማል።

ገብረሚካኤል ያንን ማር የነካ አውራ ጣታቸውን ዳበሱ። ከዚያ ሽጉጡን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ወደ አሊዪ ገፋ አደረጉት።

"ይህን አትጠይቀኝ፣ ልጄ" አሉ።